ኤችአይቪ ያለበት ሰው ተቅማጡ አልቆም ሲለው፦ ሁሉም ነገር «አሜባ» አይደለም



የዛሬው ርዕስ በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ፣ በአደባባይ ግን ለማውራት የሚከብድ ጉዳይ ነው። ጥያቄው ከሰበታም፣ ከቡራዩም፣ ከሱሉልታም፣ ከመናገሻም፣ ከአዲስ አበባም ይመጣል። አባባሉ ይለያይ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው፦

«ዶክተር፣ የኤችአይቪ መድኃኒቴን በሥርዓቱ እወስዳለሁ። ቫይረሱም በጣም ቀንሷል ተብያለሁ። ግን ተቅማጡ ወራት ሆነው፤ አንዳንዴ ደም አለው። አሜባ ነው ተብዬ ሦስት ጊዜ ታከምኩ፤ ሻል ይለኝና ይመለሳል። ይሄ መድኃኒት ይሆን እንዴ አንጀቴን የጎዳው? ላቁመው?»

አጭሩ መልስ፦ በራሳችሁ ውሳኔ በፍጹም አታቁሙ። ረጅሙ መልስ ደግሞ ይኸውላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፤ ለራሳችሁ ባይሆን ለምታውቁት ሰው ይጠቅማልና እስከ መጨረሻው አንብቡት።

📌 መጀመሪያ፣ አይቢዲ ምንድን ነው?

አይቢዲ ብለን የምንጠራው ሥር የሰደደ የአንጀት መቆጣት በሽታ ነው። የሰውነታችን መከላከያ የራሱን አንጀት እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዋጋው፣ አንጀቱ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ይቆስላል። አንዴ ይበርዳል፣ አንዴ ይነሳል። ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉት፦

👉 አልሰረቲቭ ኮላይተስ፦ ትልቁን አንጀት ብቻ ነው የሚይዘው። ከታች ከፊንጢጣ በኩል ይጀምርና ወደ ላይ ይሄዳል። ምልክቱ ደምና ንፍጥ የመሰለ ነገር የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ ሽንት ቤት በሩጫ መሄድ፣ ከወጡም በኋላ ገና የቀረ ነገር ያለ መምሰል ነው።

👉 ክሮንስ፦ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትም ሊወጣ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ትንሹ አንጀት ከትልቁ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ይወዳል። ስለዚህ በቀኝ በኩል ከታች ሆድ ይቆርጣል፣ ሰው ይከሳል። የአንጀቱን ግድግዳ ዘልቆ ስለሚያቆስል አንጀትን ሊያጠብ፣ ፊንጢጣ አካባቢም መግል የሚያወጣ ቀዳዳ ሊፈጥር ይችላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1932 ከባልደረቦቹ ጋር በሽታውን ከገለጸው ከኒው ዮርኩ ሐኪም ከቡሪል ክሮን ነው።

አይቢዲን ከአይቢኤስ ጋር አታምታቱት። አይቢኤስ ሆድን ቢነፋም፣ ቢያስቆርጥም፣ ቢያስቀምጥም አንጀትን አያቆስልም፤ ደምም አያመጣም።

«ይሄ የፈረንጅ በሽታ አይደለም እንዴ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። በእርግጥ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ይበዛል። ግን በዘራችን ምክንያት የማይነካን በሽታ አይደለም። ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያንን ተመልከቱ። ሲሄዱ በሽታው በመካከላቸው እምብዛም አይታወቅም ነበር፤ ለዓመታት ከኖሩ በኋላ ግን ይታይባቸው ጀመር። ዘሩ ያው ነው፤ የተለወጠው አኗኗሩና ምግቡ ነው። የእኛም ከተሞች አኗኗር እየተለወጠ ነው፤ አንጀትን በካሜራ የማየት ዕድልም እየሰፋ ነው። ስለዚህ ወደፊት ስሙን በብዛት እንሰማዋለን።

📌 ኤችአይቪና አንጀት ምን አገናኛቸው?

ብዙ ሰው ኤችአይቪን «የደም በሽታ» ብቻ አድርጎ ያስበዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ከሰውነታችን የመከላከያ ሴሎች ትልቁ ክፍል የሚኖረው አንጀት ውስጥ ነው። ቫይረሱም በገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አጥብቆ የሚመታው እዚያ ያሉትን ሲዲ4 ሴሎች ነው። መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ተቅማጥና ክሳት የበሽታው መለያ የነበሩት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በኡጋንዳ ይሠሩ የነበሩ ሐኪሞች በሽታውን «አክሳዩ በሽታ» በሚል ስም የገለጹትም ይህንኑ አይተው ነው። እኛም አገር በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ከመጀመሩ በፊት የነበረውን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ።

አይቢዲ የሚመጣው መከላከያችን ከልክ በላይ ሲቆጣ ነው። ከቁጣው ዋና አንቀሳቃሾች አንዱ ደግሞ ኤችአይቪ የሚገድለው ያው ሲዲ4 ሴል ነው። ስለዚህ ሲዲ4 በጣም ሲወርድ አይቢዲ የነበረበት ሰው አንጀት ጸጥ ሊል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1988 ክሮንስ የነበረበት አንድ ታማሚ ኤችአይቪ ከያዘው በኋላ የአንጀቱ በሽታ እንደበረደ በሕክምና መጽሔት ላይ ተጽፏል። ከዚያ በኋላም ተመሳሳይ ታሪኮች ወጥተዋል፤ በሁሉም ታማሚ ላይ ግን እንዲህ አይሆንም።

ታዲያ ሰውየው መድኃኒት ሲጀምርና ሲዲ4 ሲያገግም ምን ይሆናል? መከላከያው ጉልበቱን ያገኛል። ይሄ እጅግ መልካም ነገር ነው፤ ዕድሜ የሚሰጠው እሱ ነውና። ግን ተደብቆ የነበረ አይቢዲ ካለ አብሮ ቀና ሊል ይችላል። ዝናብ ሲመለስ ሰብሉም አረሙም እንደሚበቅለው ማለት ነው። አረሙን ለማጥፋት ብሎ ዝናቡን የሚረግም ገበሬ የለም፤ አረሙን ነው የሚያርመው።

«መድኃኒቱ አንጀቴን ጎዳው» የሚለው ስሜት አንዳንዴ የሚመጣው ከዚህ ነው። እርግጥ አንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶች፣ በተለይ ሎፒናቪር/ሪቶናቪር፣ ተቅማጥ ያስከትላሉ። ነገር ግን ደም የቀላቀለ ተቅማጥን በመድኃኒት ላይ ማሳበብ አይቻልም። ደም ካለ ሌላ ምክንያት አለ፤ መፈለግ አለበት።

📌 አይቢዲን የሚመስሉ በሽታዎች

ኤችአይቪ ያለበት ሰው ሆዱ ሲታመም አይቢዲ የመጀመሪያው ጥርጣሬያችን አይደለም። ከፊቱ የሚሰለፉ ብዙ ናቸው፦

✅ ጥገኛ ተውሳኮች፦ ጃርዲያ፣ አሜባ፣ ክሪፕቶስፖሪዲየም፣ አይሶስፖራ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ በማይክሮስኮፕ የታየ የአሜባ እንቁላል ሁሉ በሽታ አምጪ አይደለም፤ መልኩ ፍጹም ተመሳሳይ የሆነ፣ ጉዳት የማያመጣ ዝርያ አለ። ሁለተኛ፣ ክሪፕቶስፖሪዲየምና አይሶስፖራ በተለመደው የሰገራ ምርመራ በቀላሉ አይታዩም፤ ልዩ ማቅለሚያ ይፈልጋሉ። ስለዚህ «ሰገራህ ነጻ ነው» መባል ሁልጊዜ ነጻ መሆን አይደለም።

✅ የአንጀት ቲቢ፦ በእኛ አገር ዋናው ፈተና ይሄ ነው። ቲቢ ልክ እንደ ክሮንስ ትንሹና ትልቁ አንጀት የሚገናኙበትን ቦታ ይወዳል፤ ያቆስላል፣ ያጠባል፣ ያከሳል፣ ያተኩሳል። በካሜራ እንኳ ሲታዩ ሊያምታቱ ይችላሉ። ክሮንስ ነው ተብሎ መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ለቲቢ ታማሚ ቢሰጥ ቲቢው ይሰራጫል። በተቃራኒው ክሮንስ ያለበት ሰው ለወራት የቲቢ መድኃኒት ሲውጥ አንጀቱ እየተጎዳ ይቆያል።

✅ ሲኤምቪ የሚባል ቫይረስ፦ ሲዲ4 በጣም ሲወርድ፣ በተለይ ከ50 በታች ሲሆን፣ ትልቁን አንጀት አቁስሎ ያደማል።

✅ ቢልሃርዚያ፣ የተለያዩ ባክቴሪያዎች፣ በግብረ ሥጋ የሚተላለፉ የፊንጢጣ ኢንፌክሽኖች፣ ካፖሲ ሳርኮማና ሌሎች ዕጢዎች።

ስለዚህ አይቢዲ የምንለው እነዚህን ካጣራን በኋላ ነው። ተቅማጥ በያዘ ቁጥር «አሜባ» ማለት የማያዋጣው እንዳለ ሁሉ፣ ሳይመረመሩ «አይቢዲ አለብኝ» ማለትም አያዋጣም።

📌 የፋርማሲው አዙሪት

አብዛኞቻችን የምናደርገውን አውቃለሁ። ሆድ ሲቆርጥ ጥግ ያለው ፋርማሲ ጎራ ማለት፣ ሜትሮኒዳዞል መግዛት፣ ካልተሻለን ቲኒዳዞል፣ ከዚያ ሲፕሮ፣ ከዚያ «ታይፎይድ ይሆናል» ተብሎ ሌላ። ችግሩ ምን መሰላችሁ? አይቢዲ በተፈጥሮው ከፍ ዝቅ ይላል። በራሱ ጊዜ ሲበርድ «መድኃኒቱ ሠራልኝ» እንላለን። ከወር በኋላ ሲመለስ «አሜባው ተመለሰብኝ» እንላለን። በዚህ መሐል ዓመት ያልፋል።

ሜትሮኒዳዞልን ደጋግሞ መውሰድ የእግርና የእጅ ነርቭን ሊጎዳ ይችላል፤ እንደ ሲፕሮ ያሉ አንቲባዮቲኮችን ማብዛት ደግሞ ጤነኛውን የአንጀት ባክቴሪያ አጥፍቶ ራሱ ሌላ ከባድ ተቅማጥ ያመጣል።

ሁሉም ሊያስታውሰው የሚገባው ልክ ይሄ ነው፦ ተቅማጥ ከአራት ሳምንት ካለፈ፣ ወይም በማንኛውም ጊዜ ደም ከታየ ጉዳዩ የፋርማሲ ሳይሆን የሐኪም ነው። ኤችአይቪ ላለበት ሰው ምክንያቱ ያልታወቀና ከአንድ ወር ያለፈ ተቅማጥ በዓለም የጤና ድርጅት አመዳደብ ደረጃ 3 ምልክት ነው፤ ቀላል ነገር አይደለም።

📌 ምርመራው በምን ቅደም ተከተል ይሄዳል?

1️⃣ መጀመሪያ መድኃኒታችሁን የምትወስዱበት ኤአርቲ ክሊኒክ ሂዱና ንገሯቸው። የቫይረስ መጠንና ሲዲ4 ይታያል። ቫይረሱ ከተቆጣጠራችሁትና ሲዲ4 ጥሩ ከሆነ፣ እንደ ሲኤምቪ ያሉት ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ አይቢዲና ሌሎቹ ወደ ፊት ይመጣሉ።

2️⃣ የሰገራ ምርመራ፤ አንዴ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ፣ ልዩ ማቅለሚያውንም ጨምሮ። «ክሪፕቶስፖሪዲየምም ይታይልኝ» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

3️⃣ የደም ምርመራ፦ የደም ማነስ፣ የሰውነት መቆጣት ምልክቶች፣ ኩላሊትና ጉበት። የደረት ራጅና የቲቢ ማጣራትም አብሮ ይሄዳል።

4️⃣ ካልፕሮቴክቲን የሚባል የሰገራ ምርመራ በአንዳንድ የግል ላብራቶሪዎች አለ። ከፍ ካለ አንጀት ተቆጥቷል ማለት ነው። ግን ኢንፌክሽንም ከፍ ያደርገዋልና ብቻውን አይቢዲን አያረጋግጥም።

5️⃣ ኮሎኖስኮፒ፤ ማለትም አንጀትን በቀጭን ካሜራ ማየትና ናሙና መውሰድ። የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ይሄ ነው። ናሙናው ለፓቶሎጂም ለቲቢ ምርመራም መላክ አለበት።

ኮሎኖስኮፒ በየጤና ጣቢያው አይገኝም። ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የጨጓራና አንጀት ስፔሻሊስቶች አሏቸው፤ በግልም የሚሠሩ ማዕከላት አሉ። ለቡራዩ ሰው ጳውሎስ በአምቦ መንገድ ገባ ብሎ ቅርብ ነው። የመንግሥት ሆስፒታል ወረፋው ሊረዝም ይችላል፤ የጤና መድን ያላችሁ ደግሞ ከጤና ጣቢያችሁ የሪፈር ወረቀት ሳትይዙ አትሂዱ፤ ያለ እሱ ያንከራትታችኋል። ስሙ የሚያስፈራችሁ ካላችሁ፦ ማስታገሻ ይሰጣል፤ ከምርመራው ይልቅ የሚያስቸግረው ከዋዜማው ጀምሮ አንጀትን ለማጽዳት የሚጠጣው ነገር ነው።

📌 አይቢዲ ከሆነስ? ይታከማል ወይ?

አዎ። ኤችአይቪው በመድኃኒት የተቆጣጠረ ሰው በአብዛኛው እንደማንኛውም ሰው የአይቢዲ ሕክምና ማግኘት ይችላል። ልዩነቱ መድኃኒቶቹ እርስ በእርስ እንዳይጋጩ መጠንቀቅ ላይ ነው። ዋና ዋናዎቹን ልንገራችሁ፦

💊 ሜሳላዚንና ሰልፋሳላዚን፦ ለአልሰረቲቭ ኮላይተስ የመጀመሪያ መሣሪያዎቻችን ናቸው። መከላከያን አያዳክሙም። ሜሳላዚን አልፎ አልፎ ኩላሊትን ይነካል፤ በብዙዎቻችሁ ክኒን ውስጥ ያለው ቴኖፎቪርም እንዲሁ። ስለዚህ የኩላሊት ምርመራ በየጊዜው ያስፈልጋል።

💊 ስቴሮይዶች፦ እሳቱ ሲነሳ ያበርዱታል፤ ለዘለቄታ ግን አይደሉም። ትልቁ ጥንቃቄ እዚህ ነው። ሁለተኛ መስመር ላይ ያላችሁ፣ ማለትም አታዛናቪር/ሪቶናቪር ወይም ሎፒናቪር/ሪቶናቪር የምትወስዱ ስሙኝ፦ ሪቶናቪር ጉበት ስቴሮይድን እንዳያስወግድ ያደርጋል። ቡዴሶናይድ የሚባለው የአንጀት ስቴሮይድ ከእሱ ጋር ሲወሰድ በደም ውስጥ ተከማችቶ ፊት ያሳብጣል፣ ስኳርና ግፊት ያስነሳል፣ የሰውነትን የራሱን ሆርሞን ያጠፋል። ለመገጣጠሚያ የሚወጋው ትራያምሲኖሎንም፣ ለአስም የሚሳበው ፍሉቲካሶንም ያው ነው።

💊 ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት ስትሮንጂሎይድስ የሚባለው ትል መፈለግና መታከም አለበት። ይሄ ትል ለዓመታት ያለ ምልክት አንጀት ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ ስቴሮይድ ሲያገኝ በመላ አካል ይሰራጫል፤ ይገድላልም።

💊 አዛታዮፕሪንና በመርፌ የሚሰጡት አዳዲስ መድኃኒቶች፦ ለከባድ በሽታ ናቸው። ከእነ ኢንፍሊክሲማብ በፊት ተደብቆ የሚኖር ቲቢ መጣራት ግዴታ ነው። ዋጋቸውም ለአብዛኞቻችን ከባድ ነው።

💊 ዶሉቴግራቪር የምትወስዱ፣ ማለትም አሁን አብዛኞቻችሁ፦ የጨጓራ ማስታገሻ ፈሳሽና የሚታኘክ ክኒን፣ እንዲሁም የአይረንና የካልሲየም ክኒን የዶሉቴግራቪርን ጉልበት ይሰርቃሉ። ዶሉቴግራቪርን ከእነሱ 2 ሰዓት ቀድማችሁ ወይም 6 ሰዓት ዘግይታችሁ ውሰዱ። አታዛናቪር ላይ ያላችሁ ደግሞ ኦሜፕራዞልን ሳትጠይቁ አትጀምሩ፤ አታዛናቪር እንዳይመጠጥ ያደርጋል።

💊 ቲቢ ሆኖ ከተገኘና ሪፋምፒሲን ከተጀመረ ዶሉቴግራቪር በቀን ሁለት ጊዜ ይሆናል። ይህን የሚያስተካክለው ሐኪማችሁ ነው።

💊 ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አይቢዲን ሊያስነሱ ይችላሉ። ለራስ ምታትም ሆነ ለወገብ ፓራሲታሞል ይሻላል።

📌 ሐኪማችሁ ስለ መድኃኒታችሁ ካላወቀ…

ከላይ የዘረዘርኩት ጥንቃቄ ሁሉ ገደል የሚገባው በአንድ ነገር ነው፦ በመደበቅ።

በከተሞቻችን ሰው ከሰው ይተዋወቃል። ሰበታ እየኖሩ መድኃኒት ለመውሰድ አዲስ አበባ የሚገቡ፣ ሱሉልታ እየኖሩ እንጦጦን ተሻግረው የሚሄዱ አሉ። አልፈርድባቸውም፤ መገለልን የቀመሰ ያውቀዋል። ችግሩ የሚመጣው ሆዳቸውን ሲታመሙ ሰፈር ያለ ክሊኒክ ገብተው «ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ሲባሉ «የለም» ሲሉ ነው። ሐኪሙም በንጹሕ ልብ ከሪቶናቪር ጋር የማይሄድ ስቴሮይድ ይጽፋል፤ ወይም ሲዲ4 ሳያይ ተቅማጡን እንደ ተራ ነገር ያክማል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። ለጎረቤት ንገሩ አላልኩም፤ ለሚያክማችሁ ሰው ብቻ። ሐኪም የታካሚን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። አፍ አውጥቶ መናገር ከከበዳችሁ የመድኃኒቱን ዕቃ በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ለብቻችሁ ስትሆኑ አሳዩት። እኔ ሳላይ መድኃኒት ከማዝዝ ፎቶ አይቼ ባዝዝ ሺህ ጊዜ እመርጣለሁ።

📌 ጸበልስ?

ይህን ጥያቄ ሳልመልስ ብሄድ የአካባቢዬን ሰው አላውቀውም ማለት ነው። በእንጦጦ ማርያም ጸበል ብዙ የኤችአይቪ ታማሚዎች በሚሰበሰቡበት ወቅት መድኃኒታቸውን የተዉ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጋጩ፣ ሁለቱም አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፦ እምነታችሁን ያዙ፣ መድኃኒታችሁንም ዋጡ። አንድ ምክር ብቻ ልጨምር፦ ተቅማጥ ያለበት ሰው የሚጠጣው ውሃ ከየትም ይቅዳው፣ ንጹሕ መሆኑ ያሳስበኛል፤ ክሪፕቶስፖሪዲየም በውሃ ነው የሚመጣው፣ ክሎሪንም በቀላሉ አይገድለውም። ማፍላት ግን ይገድለዋል።

📌 ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

🔹 ወተት አፍልታችሁ ጠጡ። ሱሉልታና አካባቢው በወተት የታወቀ ነው፤ ትኩሱን ከላሟ ሥር መጠጣት ግን የከብት ቲቢን በቀጥታ ወደ አንጀት መጋበዝ ነው።

🔹 ጥሬ ሥጋ ለጊዜው ይቅር። ሰላጣና ጥሬ አትክልት በንጹሕ ውሃ በደንብ ይታጠብ።

🔹 በሽታው ሲነሳ በርበሬ፣ አልኮልና ቡና ቀንሱ፤ አልጫ፣ ሩዝ፣ ድንች፣ እንቁላል፣ ሙዝ ይቀላል። ሲበርድ ወደ ተለመደው ምግብ ተመለሱ። እንጀራን ለዘላለም መተው አያስፈልግም።

🔹 ተቅማጥ ሲበዛ ኦአርኤስ በጥብጣችሁ ጠጡ።

🔹 የምትጾሙ ከሆነ ሥጋና እንቁላል ለረጅም ጊዜ ሲቀር የደም ማነሱ እንዳይብስ ሐኪማችሁንም የንስሐ አባታችሁንም አማክሩ።

🔹 አይቢዲ አይተላለፍም። ከአንድ መሶብ መብላት፣ አብሮ መተኛት አያስተላልፈውም። ኤችአይቪም በመሶብ እንደማይተላለፍ መቼም ታውቃላችሁ።

🔹 አልሰረቲቭ ኮላይተስ ከያዛችሁ 8 ዓመት ገደማ ሲሞላው የአንጀት ካንሰር እንዳይመጣ በየጊዜው በካሜራ መታየት ያስፈልጋል፤ ደህና ነኝ ብላችሁ አትጥፉ።

🚨 ሳታመነቱ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱ ምልክቶች

‼️ በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ በተለይ ከትኩሳት ወይም ከልብ ምት መፍጠን ጋር
‼️ ሆድ ተነፍቶ መጠንከር፣ ጋዝና ሰገራ አለመውጣት፣ የማያቋርጥ ትውከት
‼️ ራስን መሳት፣ ሽንት መቅረት
‼️ ብዙ ትኩስ ደም

📌 ለማጠቃለል

ኤችአይቪ ያለበት ሰው የሚያስቀምጠው ነገር ሁሉ «ከኤችአይቪው ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ሁሉም አሜባም አይደለም። ምክንያቱ ሊታወቅ ይችላል፤ ሲታወቅም ሊታከም ይችላል። ምክንያቱ እስኪታወቅ ግን ያ በየቀኑ የምትውጡት ክኒን አይቋረጥ። ክኒኑ ሲቋረጥ ተቅማጡ አይቆምም፤ ቫይረሱ ነው የሚመለሰው።

በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ ስለ ቫይረስ መጠን ብቻ ሳይሆን ስለ ሆዳችሁም አውሩ። «አፈርኩ» ብላችሁ አትተዉት፤ እኛ ሐኪሞች ስለ ሰገራ ስንሰማ ነው የምንውለው 😊

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ ነው እንጂ የሐኪም ምርመራን አይተካም። ይጠቅመዋል ለምትሉት ሰው አድርሱት።

ጤና ይብዛላችሁ!